«ሆዴን ባር ባር አለኝ» በዓረብኛ ምን ይባላል?

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ዓረብኛ ቋንቋ፣ ስለ ሳይኮአናሊሲስና ስለ ብሔራዊ ማንነት እንድናገር ስጠየቅ «ሦስቱንም በአንድ ምሽት?» ብዬ ስቄ ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ዕድሜ ይፈጃል። በኋላ ግን ቤይሩት ሳለሁ የሠራሁት አንድ ስሕተት ትዝ አለኝ። ሦስቱም እዚያች ስሕተት ውስጥ አሉ። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

ቤይሩት ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። እንጀራዬ በሌላ ሥራ ነበር። ግን አማርኛም ዓረብኛም የሚችል ሰው እዚያ ከተማ ውስጥ ወደደም ጠላም አስተርጓሚ መሆኑ አይቀርም። አንድ እሑድ አንዲት እህታችንን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። የወሎ ልጅ ናት። ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። እህል አይወርድላትም። (ታሪኩን እንዳወራ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።)

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ሹ ቢኪ?» አላት። ምን ሆንሽ፣ ማለቱ ነው። እሷ ወደ እኔ ዞረችና ቀስ ብላ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለች።

እኔስ? እኔማ «ሆዷን» ብዬ አረፍኩት። በዓረብኛ «በጥና» አልኩ። ሐኪሙ አልጋው ላይ አስተኝቶ ሆዷን ይጫን ጀመር። እዚህ ጋ ያምሻል? እዚህስ? እሷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ዝም። የጨጓራ ክኒን ታዘዘላት። ካርዷ ላይ የተጻፈው ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው። ሊባኖስ ውስጥ ሕክምና የሚማሩት በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነውና።

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ልጅቷ ናፍቃለች። ከፍቷታል። በእኛ ቋንቋ ይህ ሁሉ የሚያድረው ሆድ ውስጥ ነው። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሲመቸን ደግሞ ሆድ ለሆድ እንጫወታለን። ያ ሁሉ ናፍቆት በእኔ አፍ አልፎ ጨጓራ ሆነ፤ ከዚያም በሐኪሙ እጅ ፈረንሳይኛ ሆነ።

ለምን በዓረብኛ ራሷ አልነገረችውም? ትሉኝ ይሆናል። ዓረብኛ እኮ ትችላለች። አትክልት ሻጩን ትከራከራለች፣ ስልክ ታነሳለች። ነገር ግን የምታውቀው ዓረብኛ ሁሉ ትእዛዝ ሆኖ ነው ጆሮዋ የገባው። «ጂቢ»፣ አምጪ። «ሩሂ»፣ ሂጂ። «ነድፊ»፣ አጽጂ። «እሄዳለሁ» ለማለት ስትፈልግም «አና ሩሂ» ትላለች። ቃል በቃል «እኔ ሂጂ» እንደማለት ነው። ሊባኖሳዊቷ የቋንቋ ተመራማሪ ፊዳ ቢዝሪ ይህንኑ ነገር በስሪላንካ የቤት ሠራተኞች ንግግር ላይ አጥንታዋለች። ስሙንም «ፒጂን ማዳም» አለችው። ማዳሟ ያዘዘችበት ግስ እንዳለ የሠራተኛዋ ሰዋስው ይሆናል። «እኔ» ብሎ ጀምሮ በትእዛዝ በሚጨርስ ቋንቋ እንዴት ተብሎ «ከፋኝ» ይባላል?

ሳይኮአናሊሲስ እዚህ ጋ ነው የሚገባው።

በአጭሩ፣ ሰው እየተናገረ የሚታከምበት መንገድ ነው። ታካሚው ሶፋ ላይ ጋደም ይላል። አፉ ላይ የመጣለትን ሳይመርጥ ይናገራል። ሐኪሙ ያደምጣል። መርፌ የለም፣ ክኒን የለም። ያለው ወሬ ብቻ ነው። ስለዚህ «በየትኛው ቋንቋ?» ብሎ መጠየቅ «መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ብሎ የመጠየቅ ያህል ነው።

ይህ ጥያቄ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አለ። በታሪኩ የመጀመሪያዋ ታካሚ የምትባለው ቤርታ ፓፐንሃይም ናት። መጽሐፍ ላይ «አና ኦ» ተብላለች። የቪየና ልጅ ነች። ከ1880 እስከ 1882 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ያከማት ዮሴፍ ብሮየር ይባላል፤ የሳይኮአናሊሲስ መሥራች የሲግመንድ ፍሮይድ ታላቅ ወዳጅ። ሕመሙ ሲጸናባት ጀርመንኛው ከአፏ ጠፋ። የእናት ቋንቋዋን አጣችው! በእንግሊዝኛ ብቻ ትናገር ጀመር። ሕክምናውን «የንግግር ፈውስ» ብላ የሰየመችውም ያኔ ነው፤ በዚያው በእንግሊዝኛ። እንግዲህ የሕክምናው የመጀመሪያ ስም የወጣለት ቋንቋዋ ከጠፋባት ሴት አፍ ነው፣ በባዕድ ቋንቋ።

ሌላም አለ። ፍሮይድ በ1927 የጻፈው ነው። አንድ ሰው የሴት አፍንጫ ላይ «ግላንዝ» ካላየ ፍቅር አይገባውም። ግላንዝ በጀርመንኛ ነጸብራቅ ነው፣ ማብረቅረቅ። አፍንጫ ላይ ምን ያበራል? ፍሮይድ ሲያጣራ ሰውየው በልጅነቱ ያደገው በእንግሊዝኛ ነው፤ በኋላ ጀርመን ሀገር መጥቶ ያን ልሳን ከሞላ ጎደል ረስቶታል። በእንግሊዝኛ «ግላንስ» ማለት መመልከት ነው። ለካ የሚፈልገው ነጸብራቅ አልነበረም። በተረሳው ቋንቋ አፍንጫዋን ማየት ነበር። ሰውየው ረሳው፤ ቋንቋው ግን እሱን አልረሳውም።

ስያሜውን ካነሳን አይቀር፣ ሳይኮሎጂን እኛ ሥነ ልቦና አልነው፤ ልብ ላይ አስቀመጥነው። ዓረቦች «ዒልም አን-ነፍስ» ይሉታል። የነፍስ ዕውቀት። ነፍስ ያው የእኛዋ ነፍስ ናት፣ ቋንቋዎቹ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ሊባኖስ ውስጥ የከፋው ሰው «ነፍሲየቲ ታዕባኔ» ይላል፣ መንፈሴ ደክሟል እንደማለት። ያን እሑድ ይህቺን ሁለት ቃል ባስታውስ ኖሮ የሰው ልጅ ሆድ ባልተጫነ ነበር።

ዓረብኛ ለብዙዎቻችን አንድ ቋንቋ ይመስለናል። ነውም፣ አይደለምም። መጽሐፍ፣ ዜና፣ ሕግና ስብከት የሚቀርብበት አለ፤ «ፉስሃ» ይባላል። ቤት ውስጥ፣ ገበያ መሐል፣ በፍቅርና በጠብ የሚነገረው ሌላ ነው፤ «ዓሚያ» ይሉታል። ፉስሃ ከሞሮኮ እስከ ዒራቅ አንድ ነው። ዓሚያው እንደየሀገሩ ነው።

አንዲት ቃል ብቻ እንያዝ፦ «እፈልጋለሁ»። የካይሮ ልጅ «ዓውዝ» ይላል። የደማስቆ ልጅ «ቢዲ»። የሞሮኮ ልጅ «ብጊት»። መጽሐፍ ላይ ግን «ኡሪዱ» ነው። እናቱን «ኡሪዱ ኹብዘን» ብሎ ዳቦ የሚጠይቅ ሕፃን ካጋጠማችሁ፣ በፉስሃ የተተረጎመ ካርቱን ላይ ተጥዶ የዋለ ነው። ቤቱ ሁሉ ይስቅበታል። ሕፃን አልቅሶ የፈለገው፣ የቀናው፣ የተቆጣው በአንዱ ቋንቋ ነው። ዜጋ የሚሆነው ግን በሌላው ነው። የፈተና ወረቀቱ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያው፣ ሕገ መንግሥቱ «ኡሪዱ» በሚለው ቋንቋ ነው የሚመጣለት።

አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ቻርልስ ፈርጉሰን ለዚህ ነገር በ1959 በጻፈው ጽሑፍ «ዳይግሎሲያ» የሚለውን ስም አስለመደ። አራት ምሳሌ ነበረው፦ ዓረብኛ፣ ግሪክኛ፣ የስዊዞች ጀርመንኛና የሄይቲ ክሪዮል። እኚሁ ሰው በ1960ዎቹ መጨረሻ እዚህ እኛ ሀገር መጥተው የቋንቋዎቻችንን ጥናት ካካሄዱት አንዱ ነበሩ። እኛም ብንሆን ለዘመናት በግዕዝ ጽፈን በአማርኛ ተጣልተናል። ለብዙ ኢትዮጵያዊ ደግሞ አማርኛው ራሱ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። ግን ግዕዙን ለቅዳሴ ትተን ወደ አማርኛ ስንዞር አንድም ድንበር አልተነቃነቀም። ዓረቡ ፉስሃን ቢተው ቁርኣኑን ከጎረቤቱ ጋር የሚያነብበት ልሳን ይላላል፤ 22ቱ የዓረብ ሊግ አባላት በአንድ ጋዜጣ መነጋገራቸው ይቀራል። ለዚህ ነው ነገሩ የሰዋስው ክርክር ሆኖ የማያውቀው።

ዓረብነት በቋንቋ ነው የሚለውን አሳብ ከሌላው ሁሉ በላይ ያስፋፋው ሰው ሳጢዕ አል-ሑስሪ ነው። በ1920ዎቹ የዒራቅን ትምህርት ቤቶች ያደራጀ እሱ ነው። ለእሱ ዓረብኛ የሚናገር ሁሉ ዓረብ ነው። አይደለሁም ቢልም ነው! ገና አልነቃም እንጂ ነው፣ ይላል። አሁን ቀልዱን ስሙ። አል-ሑስሪ የተወለደው ሰንዓ ነው፣ አባቱ የኦቶማን ዳኛ ነበሩ። የተማረው ኢስታንቡል ነው። አፉን የፈታው በቱርክኛ ነው። ዓረብኛውን ያዳበረው ጎልምሶ ሲሆን እስኪሞት ድረስ የቱርክኛ ቅላጼ አልለቀቀውም። «ቋንቋህ ነህ» ብሎ ለሚሊዮኖች ያስተማረ ሰው ራሱ ያን ቋንቋ በስደት ነው ያገኘው። የሞተን ሰው ሶፋ ላይ ማስተኛት አልወድም። ቢሆንም፣ የእናቱ ያልሆነን ቋንቋ የሁሉም እናት ለማድረግ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም።

አሁን ካይሮ እንሂድ፣ 1945። ሁለት ሰዎች «መጀለት ዒልም አን-ነፍስ» የሚል የሥነ ልቦና መጽሔት ጀመሩ። አንደኛው ዩሱፍ ሙራድ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ሁለተኛው ሙስጠፋ ዚዋር፣ ፓሪስ ሳይኮአናሊሲስን የተማረ። መጽሔቱ እስከ 1953 ቆየ። እንግሊዝ ገና ከሱዌዝ አልወጣም፣ ንጉሥ ፋሩቅ መጀመሪያ ዙፋን ላይ ነው፣ በኋላ መኮንኖቹ ገለበጡት፤ እነዚህ ሰዎች ግን ቃል ያበጥራሉ። ፍሮይድ «ኡንቤቩስት» ያለውን፣ ሰው ሳያውቀው ውስጡ የሚሠራውን ነገር፣ በዓረብኛ ምን እንበለው?

እኛ ለዚህ እስካሁን በአንድ ቃል አልተስማማንም። ንዑስ ህሊና የሚል አለ፣ ድብቅ አእምሮ የሚል አለ። ሙራድ «ላ-ሹዑር» አለው። «ሹዑር» ስሜት፣ መገንዘብ ነው። ግጥም የሚባለው ቃልም ከዚሁ ሥር ይወጣል። «ላ» ደግሞ አይደለም ማለት ነው። የታሪክ ጸሐፊዋ ኦምኒያ ኤል ሻክሪ በ2017 ባሳተመችው መጽሐፍ ቃሉ ከጥንቱ የሱፊ ሊቅ ከኢብን ዐረቢ የተወሰደ መሆኑን አሳይታለች። ይህን ነገር እወደዋለሁ። ከቪየና የመጣውን እንግዳ በፈረንጅ ወንበር አላስቀመጡትም፤ የቤታቸውን ምንጣፍ አነጠፉለት።

«ኮምፕሌክስ» የሚለውን ደግሞ «ዑቅዳ» አሉት፤ ቋጠሮ። ዛሬ ካይሮ ውስጥ ፍሮይድን በስም የማያውቅ ባለታክሲ ስለ አማቱ ሲያወራ «ዑቅዳ አለባት» ይላል። ቃሉ ከመጽሔት ወጥቶ ሰፈር ገባ ማለት ነው። እኛ ቂም እንቋጥራለን እንላለን አይደል? ቋጠሮው እኛም ጋ ነበር፤ ማንም ፍሮይድን ሊተረጉምበት አልመጣም እንጂ።

ከነዚህ ሰዎች ቀጥሎ የመጣው የዛሬው ዋና ሰዬ ነው። ሙስጠፋ ሳፍዋን፣ 1921 እስክንድርያ ተወለደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓሪስ ሄዶ ከስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ሳይኮአናሊስት ከዣክ ላካን ጋር ለዓመታት ሠራ፣ እዚያው ፓሪስ በ2020 በ99 ዓመቱ ዐረፈ። በ1958 የፍሮይድን ትልቁን የህልም መጽሐፍ ወደ ዓረብኛ ተረጎመ። ርእሱ «ተፍሲር አል-አሕላም»፣ የህልም ፍቺ። ይህ ርእስ በየመስጊዱ በር፣ በየእግረኛ መንገዱ ከሚሸጠው የህልም መፍቻ መጽሐፍ ርእስ ጋር አንድ ነው። ያኛው በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሞቱት ለበስራው ኢብን ሲሪን የሚሰጥ ነው። አንዱ እባብ አየሁ ብሎ ተሯሩጦ ገዝቶ ፍሮይድ እጁ ላይ ሲወድቅ ይታየኛል! ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ።

ሳፍዋን የተረጎመው በምን ቋንቋ ነው? በፉስሃ። ጠንከር ባለ ፉስሃ። ዓመቱን አስተውሉ። 1958 ግብፅና ሶሪያ ተዋሕደው አንድ ሀገር የሆኑበት ዓመት ነው። አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ የሚባልበት ሰሞን።

ይኸው ሰው ግን በ1998 የሼክስፒርን ኦቴሎ በግብፅ ዓሚያ ተርጉሞ ብቅ አለ። በ2007 ደግሞ «ዓረቦች ለምን ነፃ አይደሉም?» የሚል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ወጣለት። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው። ከፈርዖኖቹ ጸሐፍት ጀምሮ በዚያ ምድር ጽሕፈት የገዢ ንብረት ነው። ሕዝቡ የሚናገረው አይጻፍም፣ የሚጻፈውን ሕዝቡ አይናገረውም። ስለዚህ ደራሲው የፈለገውን ቢጽፍ ገዢውን አይነካውም፤ እናቶች አያነቡትማ። ሳንሱር መቅጠር እንኳ አያስፈልግም፣ ቋንቋው ራሱ ሳንሱር ነው። አውሮፓ ነፃ የወጣችው ጣሊያናዊው ዳንቴና ጀርመናዊው ሉተር በእናቶች ቋንቋ ሲጽፉ ነው፣ ይላል።

መጀመሪያ ሳነበው ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ቤይሩት ካርዱን በፈረንሳይኛ የጻፈውን ሐኪም አስታወሰኝ። አሁን ግን ልጣላው ነው። ሳፍዋን ቁስሉን በትክክል አይቶታል፣ የወጋውን ሰው ግን ስቷል።

ምስክሬ የግብፁ ፕሬዚዳንት ጋማል ዓብደል ናስር ነው። ጁላይ 26 ቀን 1956፣ እስክንድርያ፣ መንሺያ አደባባይ። ናስር ንግግሮቹን በፉስሃ ጀምሮ ወደ ዓሚያ መውረድ ያውቅበታል። ያን ምሽት ግን ሰፈር ውስጥ እንደሚጫወት ሰው ነው የሆነው። ይቀልዳል፣ የምዕራብ ሀገር ዲፕሎማቶችን አነጋገር እየደገመ ሕዝቡን ያስቃል። መሐል መሐል ላይ የሱዌዝን ቦይ ያስቆፈረውን ፈረንሳዊ ስም ይጠራል፤ ዴ ሌሴፕስ። ከአሥር ጊዜ በላይ ጠራው። ሰው ምን ነካው ሳይል አልቀረም። ስሙ ለካ ምልክት ነበር። ኢስማዒሊያ ላይ ሬዲዮ የሚያዳምጡ ሰዎች ያን ስም ሲሰሙ ተነሥተው የቦዩን ኩባንያ ቢሮዎች ያዙ። ናስር ንግግሩን ሲጨርስ ቦዩ የግብፅ ሆኗል።

ይህ በእናት ቋንቋ ነው የሆነው። ሕዝቡ አንድም ቃል አላመለጠውም። ተገዢው ቋንቋውን አገኘ ማለት ነው? በጃንዋሪ 1959 ይኸው ናስር ግራ ዘመሞችን፣ ደራሲውንም ምሁሩንም፣ እየለቀመ አሰረ፤ ብዙዎቹ እስከ 1964 አልወጡም። ዓሚያ ነፃ አላወጣቸውም። አምባገነን በሕዝቡ ቀልድ ሲናገር እንዲያውም ይበልጥ ይከብዳል፤ የገዛ አጎትህን እንዴት ትጠላዋለህ?

በሌላ በኩል ግብፃዊውን ደራሲ ጣሃ ሑሴይንን ውሰዱ። የላይኛው ግብፅ ልጅ፣ በሕፃንነቱ ዐይኑ የጠፋ፣ ቁርኣን በቃሉ ያጠና የድሃ ልጅ። ፉስሃ ላይ ወጣ፣ ፓሪስ ደረሰ፣ በ1950 የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። ትምህርት እንደ ውሃና አየር ለሁሉም ይገባል ብሎ ነው የሚታወቀው። ለእሱ ፉስሃ የገዢ ዱላ አልነበረም፤ መሰላል ነበር። ዓሚያን ለመጻፍ ሲታገሉ ከነበሩት ጋር አጥብቆ የተጣላው ለዚህ ይመስለኛል። በስንት መከራ የወጣበትን መሰላል ጣሉት ሲሉት ማን ይወዳል?

አልጄሪያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ቁስሉ ሁለት አፍ አለው።

ፍራንዝ ፋኖን ማርቲኒክ የተወለደ ጥቁር የአእምሮ ሐኪም ነው። ከ1953 እስከ 1956 አልጄሪያ፣ ብሊዳ ሆስፒታል ሠራ። ዓረብኛም የአማዚግ (የበርበሮቹ) ቋንቋም አይችልም። ከታካሚው ጋር የሚገናኘው በአስተርጓሚ ነው፤ እንደ እኔ ባለ ሰው ማለት ነው፣ እግዜር ይሁነው! መጀመሪያ በፈረንሣይ የተማረውን ሞከረ፦ የበዓል ዝግጅት፣ ፊልም፣ የሕሙማን ጋዜጣ። የአውሮፓውያኑ ሴቶች ክፍል ተነቃቃ። የሙስሊም ወንዶቹ ክፍል ፀጥ አለ። በ1954 ከባልደረባው ከዣክ አዙሌ ጋር ስለዚህ ውድቀት በግልጽ ጻፉ። ከጻፉት ውስጥ አንዷ ነገር አትለቀኝም። ለዚያ ገበሬ አስተርጓሚ ማለት ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያ የሚያገኘው ሰው ነው። «ምን ይሰማሃል?» የሚለው ጥያቄ በአስተርጓሚ አፍ ሲመጣ ምርመራ ይሆናል። ማን ለመርማሪ ህልሙን ይናገራል? ፋኖን በኋላ ቡና ቤት ከፈተላቸው፣ የሃይማኖት በዓላቸውን አከበረላቸው፣ ተረት ነጋሪ አስመጣላቸው። ያኔ አፋቸውን መፍታት ጀመሩ።

ካቴብ ያሲን የዚያው ሀገር ልጅ ነው። አባቱ ወደ ፈረንሳይ ትምህርት ቤት ላኩት። ሜይ 8 ቀን 1945 ሴቲፍ ላይ ሰልፈኛው ሲጨፈጨፍ ገና 16 ዓመት ያልሞላው ተማሪ ነበር። ታሰረ። እናቱ ሞቷል ብለው አእምሯቸውን ሳቱ። ልጁ ከእስር ሲወጣ እናቱ አልነበሩም፤ በአካል አሉ፣ በልብ ግን ሄደዋል። በፈረንሳይኛ ታላቅ ደራሲ ሆነ። ፈረንሳይኛን «የጦር ምርኮ» ይለው ነበር፤ ቀምተነዋል፣ የእኛ ነው እንደማለት። በ1970ዎቹ ግን ሀገሩ ተመልሶ ለሠራተኛውና ለገበሬው በአልጄሪያ ዓሚያ ቲያትር ይሠራ ጀመር። ነፃ የወጣው መንግሥት በበኩሉ ትምህርት ቤቱን በፉስሃ ያደርጋል። እንግዲህ ካቴብ ከሁለቱም ጋር ተጣላ። ፈረንሳይኛ የቅኝ ገዢ፣ ፉስሃ የመንግሥት፤ እናቱ የተናገሩት የት ይግባ? የአማዚግ ቋንቋ ብሔራዊ ቋንቋ ለመባል 2002ን፣ የሥራ ቋንቋ ለመባል 2016ን መጠበቅ ነበረበት። ካቴብ በ1989 ሞቶ ነበር።

ቤይሩትን ሳልመለስባት አላልፍም። እዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱን፣ ከ1975 እስከ 1990 ያለውን፣ ያዩ ሰዎች የሚያወሩት የቲማቲም ታሪክ አለ። ኬላ ላይ ታጣቂው መኪና ያስቆምና ቲማቲም ያሳያል። ይህ ምንድን ነው? ሊባኖሳዊ «በናዱራ» ይላል። ፍልስጤማዊ «ባንዱራ»። በመሐል ያለችው አንዲት «ና» ናት። መጽሐፈ መሳፍንት ላይ ያለው «ሺቦሌት በል» ማለት ይኸው ነው፤ ከሦስት ሺሕ ዓመት በኋላ በአትክልት። ሰውየው ፓስፖርት ሊያስቀይር ይችላል። እናቱ ሰላጣ ስትከትፍ የሰማትን «ና» ግን ከአፉ ማውጣት አይችልም። ብሔራዊ ማንነት በአዋጅ ይወጣል፤ ኬላ ላይ የሚፈተነው ግን በኩሽና ቃል ነው።

ዛሬ ወጣቶቹ ዓሚያውን ስልካቸው ላይ ያለ ማንም ፈቃድ ይጽፉታል። በላቲን ፊደል፣ የጎደለውን ድምፅ በቁጥር ይተካሉ፤ ለ«ዐ» 3፣ ለ«ሐ» 7። የቋንቋ አካዳሚዎቹ ያዝናሉ። እኔ ግን አንድ ልጅ ለእጮኛው ልቡን ሲከፍትላት 3 እና 7 ሲደረድር አይቼ ሳፍዋን ቢያይ ምን ይል ነበር ብያለሁ።

ወደዚያች እህታችን ልመለስ። ቤቱን ቀየረች። አዲሷ ማዳም ተከታታይ ፊልም ትወድ ነበር። በ2008 አንድ የቱርክ ድራማ «ኑር» ተብሎ በሶሪያ ዓሚያ ተተርጉሞ ዓረቡን ሁሉ ሶፋ ላይ አስቀምጦት ነበር። አል-ሑስሪ ይህን ቢያይ! እኛይቱም ልብስ እየተኮሰች ትሰማለች። ድራማ ላይ ደግሞ ሰው አይታዘዝም። ይወዳል፣ ይቀናል፣ ያለቅሳል። «ቢዲ» የምትለውን ቃል ያገኘቻት እዚያ ነው። እፈልጋለሁ። አንድ ጠዋት ቡና አቅርባ ስታበቃ ማዳሟ ፊት ቆመችና «ቢዲ ኢርጃዕ» አለች። መመለስ እፈልጋለሁ። ማዳሟ ሲኒውን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ሦስት ወር ቆይታ ተሳፈረች።

አሁን ኮምቦልቻ ሱቅ አላት። ብር ስትቆጥር እስካሁን በዓረብኛ ነው አሉ፤ ልጇን ስትቆጣ ደግሞ «ያላ!» ይቀድማታል። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ደወልኩላት፣ ታሪኳን ልናገር ብዬ። ፈቀደችና «ግን ያን ቀን ሐኪሙ ሆዴን ምን አድርጌው ነው እንደዚያ የጨቀጨቀው?» አለችኝ። ይህን ያህል ዓመት ሳልነግራት መቆየቴ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። ነገርኳት። ሆድሽን ያመመሽ አድርጌ የተረጎምኩት እኔ ነኝ አልኳት። ስልኩ ውስጥ ሳቋ እስኪያስላት ሳቀች። ቆየችና «ክኒኑ ግን እኮ አሽሎኝ ነበር» አለች።

አመሰግናለሁ።